ዋናው ይቅርብህ

የጓደኛዬ የሙሉነህ ታናሽ ወንድም ደወለ። እኔና ሙሉነህ ለእረፍት ሐዋሳ ከወረድን ጀምሮ ሲደውል ነው የሰነበተው፤ ቅዳሜ እሱም ሊከተለን አስቧል።

«እዚያ ምን ይበላል?» አለኝ።

«ዓሣ ነዋ! ሐይቁ ዳር እዚያው ይጠብሱልሃል። ዳጣውን ግን በጥቂቱ፤ ያንገበግባል።»

«ማታስ? ጭፈራ ቤት አለ?»

«ሞልቶ! ብቻ ባጃጅ ሳትሳፈር ዋጋ ተነጋገር፤ ስልክህንም ከእጅህ እንዳትለይ።»

«ዋናስ?»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ሐይቁ ውስጥ እንዳትገባ። ላዩን ሲያዩት የተኛ ይመስላል።»

ሳቀብኝ። «እናንተ እየዋኛችሁ! እስቲ ሙሌን አገናኘኝ፤ ስልኩ ዝግ ነው።»

«ተኝቷል። ደግሞ አትምጣ፤ መንገድ ጀምረናል፤ እየመጣን ነው።»

«ሁለታችሁም?»

«አዎ… ሁለታችንም።»

«እንግዲያው እማዬን ዶሮ ሥሪ ልበላት!»

«ተው፣ አታድክማት» ልል ስል ዘጋው።

ሾፌሩን ቀስ እንዲል ለመንኩት። ለእናቱ መርዶ የሚነግሩት የሰፈር ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡት ሊነጋጋ ሲል ነው። ከዚያ በፊት የሙሌ ሬሳ ሣጥን ደጃፏ ላይ መታየት የለበትም።