ዓይንህን አዙር

ወንድይፍራው አባቱን ማጠብ ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁለት ዓመት! ሽማግሌ ማጠብ ሕፃን እንደ ማጠብ የሚመስለው ካለ፣ ይምጣና አንድ ሳምንት ይሞክረው።

ጠዋት ወደ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ውሃ ያሞቃል። የተበላሸውን አንሶላ ይስባል፤ አባቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ በጨርቅና በሳሙና ያጥባል። ከወገብ በታች ሲደርስ አቶ ገብረ ማርያም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላሉ።

«ዓይንህን አዙር።»

ያዞራል። ካም የአባቱን ዕራቁት አይቶ ምን እንደ ደረሰበት፣ እኚሁ አባቱ ሲነግሩት ነው ያደገው። ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ፣ በነጠላ ሥር በዳበሳ ያጥባቸዋል። አባትዬው ያለቅሳሉ። ድምፅ አያሰሙም፤ እንባቸው ብቻ በጆሯቸው በኩል ይወርዳል። የስልክ መስመር ሊዘረጉ ከጎጃም ጂንካ ድረስ የመጡ፣ ለማንም አንገታቸውን ደፍተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ምን ያድርጉ ታዲያ፣ አያልቅሱ?

የወደቁት በሰባ ስምንት ክረምት ነው። ትልቁ ልጃቸው ሣህሌ ናቅፋ ላይ ቀረ የሚል መርዶ የመጣው በዚያው ሰሞን ስለነበር፣ ሰፈሩ «ሐዘን ጣላቸው» አለ። ከወገባቸው በታች አልታዘዝ አላቸው። የወንድይፍራውም ስም ለውትድርና ተነቦ ነበር፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ኤርሳዶ ግን ሽማግሌውን በተኙበት አይቶ «እሱ ከሄደ ማን ያነሣቸዋል?» ብሎ ሰረዘው። ወንድይፍራው ሊደሰት ቀርቶ በቅጡም አልሰማው። ውሃ እያሞቀ ነበር።

ቀን ቀን የምታያቸው ጎረቤታቸው ዘሪቱ ነበረች። የአሪ ሰው ናት፤ ያለ ምንም ክፍያ፣ ለጉርብትና ብላ ነው የምትመጣው።

ማታ ልጅየው የአባቱን እግር ያጥባል። እግር ማጠብ ነውር የለውም፤ ለማንም ሽማግሌ ይደረጋል። አንድ ማታ የሳፋው ውሃ ቀላ። በማግስቱም ቀላ። ቀዩ የጂንካ አፈር ነው። ሁለት ዓመት የተኛ ሰው ተረከዙ ላይ አፈር ከየት ይመጣል?

«አባባ፣ ዘሪቱ መሬት ለመሬት ትጎትትዎታለች እንዴ?»

አቶ ገብረ ማርያም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ፈርተዋት ነው አለ በልቡ። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ጣለባት። ከመደርደሪያው ላይ ለአባቱ ያስቀመጠው ቂጣ ይጎድላል፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለራሷ ነው የምታወርደው አለ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ ጀርባቸውን አየና «አንዲት ቁስል እንኳ የለቻቸውም! ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አሞገሰው። ጭናቸውን ልይ ሲል ግን ሽማግሌው ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅም አሉ። ያቺ ሴት ያደረሰችው ሰንበር አለ ማለት ነው። የወንድይፍራው ደም ፈላ።

«እትዬ ዘሪቱ፣ አባቴን እንደ ጆንያ የምትጎትቺያቸው ምን አድርገውሽ ነው? ቂጣቸውንስ ለምን ትበያለሽ?»

ዘሪቱ ክው አለች። ዞራ ወደ አልጋው አየች። ሽማግሌው አንድ ቃል እንዲተነፍሱላት ቆማ ጠበቀች፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ይሁን፣ በላሁ» አለች። «ጌታ ያያል።»

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ሰፈሩ ሰማ፤ ስሟም ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ማን ይምጣ? የሰው ሽንትና ዓይነ ምድር ለመጥረግ የሚጣደፍ ጎረቤት የለም። ወንድይፍራው ከሥራው እየቀረ ስላስቸገረ ወፍጮ ቤቱ ሌላ ሰው ቀጠረ። ከቀበሌ ሱቅ በወር አንዴ የሚሰጠው ሳሙና አለቀ፤ በእንዶድ ማጠብ ጀመረ። ዝናቡ አላባራ ብሎ አንሶላው አልደርቅ አለ። ቤቱ ሸተተ። አንድ ጠዋት አጥቦ፣ ለውጦ፣ ገና ወገቡን ሳያቀና አልጋው ተመልሶ ራሰ።

«ለምን አይሞቱልኝም!» ብሎ ጮኸ።

እጁን አንሥቶ ነበር። እጁን ሲያይ ደነገጠ፤ ወጥቶ ከደጁ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ነገ ደግሞ ይመታቸው ይሆናል። እየወደዳቸው ሊገድላቸው ይችላል፤ ይህን አሰበና ተነሥቶ ቀበሌ ሄደ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አባቴን የሚያጥብልኝ ሰው ይስጡኝ። እኔ አልቻልኩም።»

«ከየት አመጣልሃለሁ?» አለ ኤርሳዶ። «ቀበሌው የሚረዳው ግንባር ላይ ልጅ ያለውን የዘማች ቤተሰብ ነው፤ ሣህሌ ከሞተ ወዲህ እናንተ ከመዝገቡ ወጥታችኋል።»

«እንደገና የዘማች አባት ቢሆኑስ?»

«እሱማ ግዴታችን ነው። የሴቶች ማኅበር ተራ ገብቶ ያጥባል፣ ያበላል፣ ያነሣል።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እንግዲያው ለዘመቻ ይጻፉኝ» አለ ወንድይፍራው።

በሄደበት ዕለት ሳሙና ተበድሮ አባቱን ከራስ ጠጉራቸው ጀምሮ አጠባቸው። ጥፍራቸውን ቆረጠ፤ ጢማቸውን ላጨ። ዓይንህን አዙር ሲባል አዞረ። መሄዱን ሊነግራቸው አፉ ሦስቴ ተከፍቶ ሦስቴ ተዘጋ።

«ቀይ አፈር ከተማ የቀን ሥራ አግኝቻለሁ፣ አባባ። ማታ እመለሳለሁ» አላቸው።

ግንባሩን ሳሙት። ከማኅበሩ የመጡትን ሁለት ሴቶች ደጅ ላይ አገኛቸውና «የዘማቾቹ መኪና ከሄደ በኋላ ንገሯቸው» ብሎ ለመነ።

መኪናው ግን ዘገየ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ቆሞ ስም ሲጠራ፣ እንደገና ሲጠራ ቆየ። ወንድይፍራው ከኋላ ተሳፍሮ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ይሄኔ አጥበዋቸዋል፣ ይሄኔ አብልተዋቸዋል እያለ ራሱን አጽናና። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለለው። ሞተሩ ተነሣ፤ መኪናው ወደ ቀይ አፈር መንገድ ታጠፈ። ያን ጊዜ አንድ ሰው በስሙ ሲጣራ ሰማና ቀና አለ።

በሜዳው ሣር መሀል አቶ ገብረ ማርያም በባዶ እግራቸው እየሮጡ ይመጡ ነበር።