ሩብ ወደኋላ

ለብሔራዊ ውትድርና የሄደው ወንድሜ ጀማሉዲን ግንባር ላይ መሞቱን ቀበሌው በነገረን ሳምንት፣ እናታችን «ወላሂ ሬሳውን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም» ብላ ጎረቤቶቻችንን ከደጅ መለሰቻቸው። እኔ ግን አምኜ ነበር። ስላመንኩም ነው ከኮምቦልቻ ከሥራ ስመለስ፣ ለመዝናኛ ከእሱ ጋር የጀመርናትን መዳፍ የምታህል የናስ ሞተር ብቻዬን ልጨርሳት የተቀመጥኩት።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታችን መስኮት ሥር ክዳኗን በብረት መቆንጠጫው በሞርሳ አሰርኩ። ክዳኗ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚያወጣው መሣሪያ እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ ግማሽ ዙር ወደፊት ሄዶ ሩብ ወደኋላ ካልተመለሰ ይሰበራል። ማዞር የጀማሉዲን ሥራ ነበር፣ ዘይት ማንጠብጠብ የእኔ። «የኮሌጅ እጅ ወደኋላ መመለስ አያውቅም» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ቀስ ብዬ አዞርኩ። ሐዘንም ሆነ ሌላ ነገር አልተሰማኝም። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ የሙሰበሃዋን ዶቃ ትቆጥራለች። መሣሪያው መጥበቅ ሲጀምር ተውኩትና ዘይት ላመጣ ተነሳሁ።

ጠርሙሱን ከመደርደሪያው ሳነሳ፣ የናስ ፍቅፋቂ ሲበጠስ የምትሰማውን ያችን ትንሽ ጠቅታ ከኋላዬ ሰማሁ። ዞር አልኩ። የእናቴ ሁለት እጆች ሙሰበሃው ላይ ናቸው። ማንም ያልነካው መሣሪያ ግማሽ ዙር ወደፊት ሄደ፤ ቆመ፤ ሩብ ወደኋላ ተመለሰ።

«ምን ይገትርሃል ሸረፉ?» አለችኝ እናቴ፣ ዓይኗን ከሞርሳው ሳትነቅል። «ዘይቱን አቀብለው እንጂ።»