የተፋቀው ኩባያ

በአገራችን የሰው ስም ለአዲስ የእንስሳ ዝርያ ከተሰጠ በኋላ ማንም ሰው አይጠራበትም፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ልጃችን በስድስት ዓመቷ ስትሞትብን፣ ስሟን ከጥልቅ ባሕር ለወጣች፣ ሽሪምፕ ለምትመስል፣ የሩዝ ፍሬ ለምታክል ፍጡር ሰጠሁ። የመቃብር ጽሑፍ ዝናብ ያጠፋዋል፣ የዝርያ ስም ግን ዓለም እስካለ ይኖራል ብዬ ነበር። ባለቤቴ መኩሪያ ስሟን ከወተት ኩባያዋ ላይ በቢላ ፋቀው። ከዚያ ወዲህ “ልጅቷ” ነው የምንላት።

ዛሬ ረዳቴ ኢክራም ወደ ማይክሮስኮፑ ጠራችኝ።

“ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።”

አዲስ ከባሕር የመጣች ናሙና ናት። የእግሮቿን መገጣጠሚያዎችና የጅራቷን እሾሆች ደጋግሜ ቆጠርኩ። ግማሽ ጎኗ የእኔዋን፣ በልጄ ስም የሰየምኳትን ይመስላል፤ ግማሹ ድሮ ስም የወጣለትን ትልቁን ዝርያ። በማደግ ላይ ነበረች። የእኔዋም ያው ገና ያላደገች የትልቁ ዝርያ ናት ማለት ነው። ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ስም ደግሞ ወደ ሰው አይመለስም።

“ያየነው እኛ ብቻ ነን፤ ባንጽፈውስ?” አለች ኢክራም፣ ዓይኔን እየሸሸች።

“ጻፊው” አልኳት።

ቤት ስገባ መኩሪያ ኩባያውን እያጠበ ነበር። አሁንም በየቀኑ ያጥበዋል።

“ምነው ትርሲት? ምን ሆንሽ?”

“ያቺ እንስሳ አዲስ ዝርያ አይደለችም።”

“ታዲያ ምንድን ናት?”

“ልጅ ናት” አልኩት። “ሳታድግ የሞተች ልጅ።”

መኩሪያ ውሃውን ዘጋ። አውራ ጣቱ ስሟ የነበረበትን ቦታ ያሻል።

“ስሟ ከመዝገብም ከጠፋ፣ አሁንስ የት ብለን እንፈልጋት?” አለኝ።