የዋንዛው ሳጥን ክዳን

ከመደበኛ ሥራቸው ውጪ እንጨት መሥራት የሚወዱት ጓደኛሞች በየወሩ መጨረሻ የእጃቸውን ሥራ ይዘው የሟቹ የጋሽ ይፍሩ ጋራዥ ውስጥ ይሰበሰባሉ። የዛሬው በርጩማም መደርደሪያም ተረሳ፤ ሁሉም የከበበው ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ ያመጣውን የዋንዛ ሳጥን ነበር።

«እጅህ ይባረክ! ማዕዘኑን እዩልኝ፣ ምስማር የሚባል አልነካውም» አለ አንዱ። ክዳኑን አንስቶ ወደ ጎን አስቀመጠና ሳቀ። «ክዳኑ ላይ ግን ምን ነካህ? ወልገድ ብሏል እኮ።»

ባለሳጥኑ አቀረቀረ። የራሱ ሥራ ያ የተወላገደው ክዳን ብቻ ነው። ሳጥኑን የጋሽ ይፍሩ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ «ከሚቃጠል ውሰደው» ብለው ከሰጡት ቁርጥራጭ እንጨት ሥር ነበር ያገኘው። እውነቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት ጭብጨባው ቀደመው።

ጭብጨባውን ሰምተው እትዬ ጥሩወርቅ ከቤት ወጡ። በነጠላቸው የሸፈኑት ነገር አለ።

«ልጄ፣ እንዲህ ባለሙያ መሆንህን መች አወቅሁ! ይህን ክዳን ባለቤቴ ሐኪም ቤት ከመግባቱ በፊት ሲልገው ከርሞ አልጋው ሥር አስቀመጠው። ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ሄደ። እባክህ በልኩ ሳጥን ሥራልኝና መነጽሩን ላኑርበት።»

እንባቸውን በነጠላቸው ሊጠርጉ ብለው ክዳኑን ከእጃቸው አወረዱና አፉን ከፍቶ በተቀመጠው ሳጥን ላይ አኖሩት።

ክዳኑ ልክክ ብሎ ገጠመ።