ያልላላው ብሎን

ታናሹ ወንድም በመዶሻው እጀታ የሞተሩን ጎን ኳ ያደርግና ዓይኑን ወደ መመርመሪያው ማሽን ይመልሳል። የእሳቱ ሰዓት፣ ካንዴላው እሳት የሚጭርበት ቅጽበት፣ ስክሪኑ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ደግሞ ነካ ያደርገዋል፤ አሁንም ይወርዳል። ሞተሩ ደህና ነው። ያለጊዜው የሚፈነዳ ቤንዚን ካለ ሰምቶ መናገር የነበረበት ኖክ ሴንሰር ነው የሌለ ድምፅ የሚሰማው። ኮምፒውተሩ ደግሞ አምኖት፣ ፒስተኖቹ እንዳይጎዱ ብሎ እሳቱን ያዘገያል። ቱርቦው በከንቱ ያፏጫል፣ መኪናው አቀበት ላይ ጉልበት ያጣል።

ጉልበት ያጣውም እዚሁ አቀበት ላይ፣ የታናሹ ጋራዥ ደጃፍ ነው። ከኋላ የጭነት መኪኖች ጡሩምባ ሲበረታበት፣ ታላቅ ወንድሙ ሳይወድ በግዱ ወደ ግቢው ገባ። እስከ ዛሬ ይህን ደጅ ረግጦት አያውቅም ነበር።

"ሴንሰሩ ላይ አትድከም" ይላል ታላቁ ክንዶቹን አጣምሮ። "አዲስ ነው፣ በገዛ እጄ ነው የቀየርኩት። ቤንዚኑ ነው የተበላሸው።"

"ካንዴላዎቹን አይቻቸዋለሁ፤ ንጹሕ ናቸው። ቤንዚኑ ምንም አልሆነም።"

"እና ምንድን ነው?"

ታናሹ ባትሪ አብርቶ ወደ ሴንሰሩ ያጎነብሳል። ሴንሰሩን ሞተሩ ላይ የያዘው ብሎን ማዕዘኖቹ ተልጠው ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም።  ይህን አጠባበቅ በጨለማም ቢሆን ይለየዋል። በአባታቸው ጋራዥ ሠራተኞቹ ታላቁን "ካልጮኸ" ይሉት ነበር። ብሎን ካልጮኸ አልጠበቀም ባይ ነበርና።

ከታላቁ ጋር የመጡት አባታቸው የመኪናውን የፊት በር ከፍተው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል፤ ጣቶቹ አይዘረጉም። ያን እጅ የጨፈለቀው ካምቢዮ ነው። ከመኪና ሥር ገብተው ሲሠሩ ካምቢዮውን ደግፎ የያዘው ብሎን ለቀቀና ወረደባቸው። ብሎኑን የገጠመው ታናሹ ነበር። ታላቁ ዓይኑን በጨው አጥቦ "አላልቶ ነው የተወው፤ እኔ አልነካሁትም" አለ። አባትም ታናሹን በዚያው ቀን ከጋራዡም ከቤቱም አስወጡት። ጋራዡ ዛሬ የታላቁ ነው።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ታናሹ ከቂሙና ከጸሎቱ አንዱን መምረጥ ነበረበትና ጸሎቱን ተወው።

አሁን ብሎኑን ራሱ ፈትቶ መኪናውን መሸኘት ይችላል። አያደርገውም።

"አባባ፣ እስቲ ይምጡ። ይቺን ብሎን እርስዎ ይፍቷት።"

"ምን ነካህ አንተ?" ይላል ታላቁ። "በአንድ እጃቸው?"

"የብሎን ነገር ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የት አለና?"

ሽማግሌው ይመጣሉ። ቁልፉን በቀኝ እጃቸው ያስገቡና ይጫኑታል። ንቅንቅ አይልም። ታናሹ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ያጠልቅላቸዋል። በሙሉ ክብደታቸው ሲደገፉበት ብሎኑ ቋ ብሎ ይለቃል። አባት ቀና ሳይሉ የብሎኑን የተላጠ ጠርዝ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ለሁለቱም ልጆች ቁልፍ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

"በእጅ ተጠምዝዞ ሲያበቃ፣ ከዚያ ትንሽ ነው የሚጨመርለት" ይላል ታናሹ ቀስ ብሎ። "እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ልኩን ሲያልፍ ሴንሰሩ ተራውን የሞተር ድምፅ ሁሉ ፍንዳታ ነው ይላል። ሌላ ቦታ ሲሆን ደግሞ ብሎኑ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። የላላ ብሎን እየተንቋቋ ያስጠነቅቃል። ከልክ በላይ የጠበቀ ግን ድንገት ነው የሚበጠሰው።"

"ምን ለማለት ነው?" ታላቁ ያጣመራቸውን ክንዶች ይፈታል።

አባት ቀና ይላሉ። "ያን ዕለት ምንም አልተንቋቋም" ይላሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ ታላቁ ይዞራሉ። "የካምቢዮውን ብሎን ነክተኸው ነበር?"

"አባባ፣ ስንት ዘመን ያለፈውን ነገር አሁን..."

"ነክተኸው ነበር ወይ?"

"እሱ ገጥሞ ከሄደ በኋላ... ትንሽ ነው። አጥብቄያት ብቻ ነው። ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው!"

ታናሹ ይህን ቃል ወንድሙን በሐሳቡ ስንት ጊዜ አስለፍልፎታል። ጣፈጠው። ምን ይደብቃል፣ እንደ ማር ነው የጣፈጠው። ሴንሰሩን በአዲስ ብሎን ይገጥማል፣ ልክ በሚቆጥረው ቁልፍ ያጠብቃል፤ ቀጭ ሲል ያቆማል። ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ይረግጥለታል። የእሳቱ ሰዓት አይወርድም። ቱርቦው ያገሳል፣ ታላቁም የሚያስቀምጥበት አጥቶ ዓይኑን መሬት ላይ ያንከራትታል።

አባት ከአጠገቡ አልሄዱም።

"አንተስ ልጄ፣ ያኔውኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"መች ጠየቁኝ፣ አባባ?"

ይህን ለመመለስ አላሰበም ነበር። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ቂሙ ሁሉ የወንድሙ እንዳልነበረ የገባው። ሽማግሌው እዚያው ቆመው፣ ይግቡ ወይም ይቀመጡ የሚላቸው እንዳለ ይጠብቃሉ። ታናሹ የመኪናውን ኮፈን ይዘጋል።

አባት ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። የወንበሩን ቀበቶ በደህናው እጃቸው ስበው ከመቆለፊያው ጋር ይታገላሉ። ታላቁ ሊያግዛቸው እጁን ሲሰድ በክርናቸው ይገፉታል። ደግመው ይሞክራሉ፤ ያመልጣቸዋል። ቀበቶውን እንደያዙ በመስኮቱ ወደ ታናሹ ይመለከታሉ።

ታናሹ ያያቸዋል። ሄዶም የግቢውን በር፣ እንዲወጡ፣ ወለል አድርጎ ይከፍትላቸዋል።