የእጅ ጀርባ

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር በምሠራበት ምግብ ቤት ስለ እሳት አደጋ ሊያስተምረን የመጣው ሰውዬ አንዱን ነገር እስኪሰለቸን ደጋገመው። በር ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከፈጃችሁ አትክፈቱ፤ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ወትፉና እርዳታ ጠብቁ። እኔም ቤት ስገባ ለታናሽ እህቴ ለሚዛን እንደ ትምህርት አስጠናኋት። ካሳራኒ የተከራየነው ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በሩ ብረት፣ መስኮቱም ሁሉ የብረት ፍርግርግ ያለው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ቤታችን አጠገብ ከማታቱ ታክሲ እንደወረድኩ ደወለችልኝ።

«ሠርክዬ፣ ኮሪደሩ እየነደደ ነው። በሩ ይፋጃል። ፎጣውን ወትፌያለሁ።»

ስልኩን ሳልዘጋ ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ እሳት የለም፤ ጭስም የለም። የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ከበራችን ሥር ግን የፎጣው ውሃ ይፈሳል።

«ሚዛን፣ በሩ ላይ ነኝ። እዚህ ምንም የለም፤ ክፈቺልኝ።»

«ከፈጀሽ አትክፈቺ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ እያለቀሰች።

ቁልፌን አዞርኩት፤ ከውስጥ ቀርቅራዋለች። የሕንፃው ጠባቂ ተከትሎኝ ወጥቶ ግራ ቀኙን አየና «ሃኩና ሞቶ» አለኝ በስዋሂሊ፤ እሳት የለም ማለቱ ነው። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። የእጄን ጀርባ በሩ ላይ አሳረፍኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው።

ሚዛን ጮኸች።

«ብረቱ ቀላ፣ ሠርክዬ» አለች። «ቅላቱ የእጅ ቅርጽ አለው።»