ሦስተኛው ምስክር

«ውል የለኝም፤ ያለኝ ዱዓ ነው» ትላለች ነሲባ፤ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል።

እኔ አልስቅም። በኮሚቴው ጠረጴዛ ዳር ቃለ ጉባኤውን ከፊቴ ዘርግቼ አቀርቅሬአለሁ። ጉዳዩ የቤት መሥሪያ ቦታ ነው፤ መርሳ ላይ በኪራይ ለሚኖሩ፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ነዋሪዎች በዕጣ የሚሰጥ። ከዝርዝሩ የተሰረዙ ሰዎች ቅሬታቸውን የሚያሰሙት ዛሬ ነው። ዕጣው ነገ ይወጣል።

ሰብሳቢው ኤፍሬም ሳቁ እስኪበርድ ይታገሣል። «እኅቴ፣ መስፈርቱ ግልጽ ነው። ተከራይ መሆንዎን በጽሑፍ ውል ያረጋግጣሉ። ውል ከሌለ አከራዩ ወይም ሲከራዩ በቦታው የነበረ ሰው ቀርቦ ይፈርምልዎታል። ከእነዚህ አንዱ ይበቃል።»

እነዚያን ዓረፍተ ነገሮች የጻፍኋቸው እኔ ነኝ። ከወልድያ የተላክሁት የመመሪያው አርቃቂ ባለሙያ በመሆኔ ነው። ቤት እያላቸው ቤት የለንም የሚሉትን ለማገድ የሌሎች ከተሞችን ደንብ ሳመሳክር፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ወርቅ አንጣሪ ስመዝን ከርሜአለሁ። ሥራዬን ያነበቡ አለቆቼ «ለድሃ የቆመ ሰነድ» ብለውታል።

«ኧረ ይኸ ወረቀት!» ይላል ከኋላ አንድ ድምፅ። ተራዋን የምትጠብቀው ቡርቱካን ናት። «እኔ አከራዬን ውል ይፈርሙልኝ ባልሁ ማግስት ፍራሼን ደጅ አገኘሁት። ‹ግብር ልታስመጪብኝ ነው› ብለው! እንግዲህ ፍራሼ ይመስክርልኝ?»

ሕዝቡ እንደገና ይስቃል። የሽማግሌዎች ተወካይ ሸህ ሙሄዲን ግን ወደ ነሲባ ጠጋ ይላሉ። «አንቺ ልጅ፣ ዱዓ ያልሽው የምን ዱዓ ነው?»

«ቤቱን የተከራየሁ ለት ነዋ፣ አባባ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። አከራዬ ‹እኔና አንቺ ወረቀት አያሻንም› አሉና ሸህ ዓሪፍን ጠሩ። ግቢው መኻል ቆመን እጃችንን ዘረጋን። ‹ሳትበድያቸው፣ ሳይበድሉሽ ኑሩ› ብለው መረቁን። ከእኔ ሌላ ሦስት ሰው አሚን ብሏል።»

«ታዲያ ይቅረቡ እንጂ» ይላል ኤፍሬም።

«ሸህ ዓሪፍ ወደ አኼራ ሄዱ። አከራዬም ተከተሏቸው፤ አላህ ይማራቸው።»

አከራይዋ አባቴ ናቸው። ወልድያ ተቀምጠው የሚያከራዩት ግቢ ነበር፤ ዛሬ የእኔ ነው። አዳራሹ ውስጥ ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። ያን ዕለት የመመረቂያ ጽሑፌን ይዤ ለዕረፍት መጥቼ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ከአባቴ ጎን ቆሜ ነበር። ከሁሉ ከፍ ባለ ድምፅ አሚን አልሁ። ያለ ወረቀት የሚጸና መተማመን ብዬ ያን ሥርዓት በጽሑፌ መግቢያ ላይ አወድሼዋለሁ፤ መምህሬ ከአንቀጹ ጎን «ድንቅ» ብለው ጽፈውበታል።

ባለፈው ሳምንት ነሲባ አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዛ ወልድያ ድረስ መጣች። «አብዱዬ፣ እዚች ላይ ፈርምልኝ» አለችኝ። እኔም መመሪያውን ያረቀቅሁ ሰው ለአመልካች ብፈርም የጥቅም ግጭት እንደሚሆን በረጋ አንደበት አስረዳኋት። ለግብር ሰብሳቢ ስላልተነገረው የአሥራ አንድ ዓመት ኪራይ ምንም አላልሁም። «የጥቅም ግጭት» የሚለው ቃል አልገባትም፤ ግን አንገቷን ደፋች። «አስቸገርሁህ፣ አፉ በለኝ» ብላኝ ወጣች። ማንጎውን ትታልኝ ሄደች። ልጆቼ በሉት።

«ሦስተኛውስ?» ይላል ኤፍሬም።

አሁን ታየኛለች ብዬ እጠብቃለሁ። አታየኝም፤ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች።

«ሦስተኛው ተማረ» ትላለች። «ተምሮ ሩቅ ሄደ።»

«ስልክ የለውም?»

«አለው። ላስቸግረው አልሻም እንጂ።»

«ስሙን ንገሪና!» ይላሉ ሸህ ሙሄዲን። «እኛ እንደውልለት። ቤት እኮ ነው የሚያመልጥሽ፣ የኔ ልጅ!»

«ይቅር፣ አባባ። በሰው ፊት ስሙን ማንሣት ይከብደኛል። አባቱ አንድ ቀን ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም።»

ከወንበሬ ብነሣ ይበቃል። «እኔ ነኝ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ያን ትንፋሽ ስቤ እይዘዋለሁ፤ ደረቴ ውስጥ ቆይቶ፣ ሞቆ፣ ባዶውን ይወጣል።

ኤፍሬም ወደ እኔ ይዞራል። «አብዱሰመድ፣ ይመዝገብ።»

እጽፋለሁ፦ «አመልካቿ ማስረጃ ማቅረብ ባለመቻሏ ቅሬታዋ ተቀባይነት አላገኘም።» የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

«እንዲሁ አትሂጂ» ይላሉ ሸህ ሙሄዲን፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እየተነሡ። «ኑ፣ እጃችሁን ዘርጉ። አላህ ከዚህ የተሻለውን ይስጣት። የተዘጋባትን በር ይክፈትላት።»

አዳራሹ በሙሉ እጁን ይዘረጋል፤ ቡርቱካን፣ ኤፍሬምም ሳይቀር። በቀኝ እጄ ብዕሩ እንዳለ ነው።

«አሚን!» ይላል ሕዝቡ፤ እጁንም በፊቱ ላይ አሳርፎ ወደየወንበሩ ይመለሳል። የማንጎ ወተት ያጠቆራቸው የነሲባ መዳፎች ብቻ ገና እንደተዘረጉ ናቸው። ከመዳፎቿ በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኛለች፤ ዱዓው ላይ አንድ ሰው እንደ ቀረ ሁሉ፣ ትጠብቃለች።